ታይላንድን ይዞ ፓሪስ የከተመው ሽቶ ቤት

ሽቶ የሚወድ ሰው «የምሥራቅ ምስጢር» ምናምን የሚል ጠርሙስ ሳያጋጥመው አይቀርም። ላዩ ላይ ሎተስ ወይም ዘንዶ ተስሎበታል። ሲከፈት ግን ያው የለመድነው ቫኒላና ስኳር ነው። እኔ ይሄ ነገር ሰልችቶኛል። ስለዚህ ዛሬ የተለየ መንገድ ስለያዘ አንድ ቤት በሰፊው ልጻፍላችሁ። ስለ እሱ ሳስብ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣብኛል፦ የፈረንሳይና የእስያ የሽቶ ባህል በእውነት የሚዋሃዱት የት ላይ ነው? ጠርሙሱ ላይ? ጥሬ ዕቃው ላይ? ወይስ ሌላ ቦታ?

ቤቱ ፓርፋም ዱሲታ የሚባል ነጻ ሽቶ ቤት ነው። ያለው ፓሪስ ነው። የመሠረተችው ፒሳራ ኡማቪጃኒ የምትባል ታይላንዳዊት ናት፤ ሽቶዎቹን የምትቀምመውም እሷው ናት። አባቷ ሞንትሪ ኡማቪጃኒ ገጣሚ ነበሩ፤ የቤቱ ሽቶዎችም ከእሳቸው ግጥሞች ጋር ተጣምረው ነው የሚወጡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ ኢሳራ፣ ሜሎዲ ደ ላሙር እና ኡድ አንፊኒ፣ በ2016 ወጡ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ነጻ ቤት ነው ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሽቶ ስሙ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ድርጅት ውስጥ አይቀመምም። ጂቮዳን፣ ዲኤስኤም ፊርሜኒሽ፣ አይኤፍኤፍ እና ሲምራይዝ የሚባሉ ግዙፍ የመዓዛ ኩባንያዎች አሉ። ፋሽን ቤቱ የሚፈልገውን ጽፎ ይልክላቸዋል፤ ቀማሚዎቻቸው ይወዳደራሉ፤ የተመረጠው ናሙና ሸማቾች ላይ ይሞከራል፤ ከዚያ ማንንም እስከማያስከፋ ድረስ ይለሳለስና ይወጣል። ከዚህ ሥርዓት ወጣ ብለው የጀመሩ ትንንሽ ቤቶችም አንድ በአንድ እየተገዙ ነው። ለ ላቦ እና ፍሬደሪክ ማል በ2014 ለኤስቴ ሎደር ለመሸጥ ተስማሙ፣ ባይሬዶ በ2022 ወደ ፑይግ ሄደ፣ ክሪድን ደግሞ በ2023 ኬሪንግ ገዛው። መሸጣቸው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ግን ባለቤቷና ቀማሚዋ አንድ ሰው የሆኑበት ቤት ሲገኝ ልዩነቱ በአፍንጫ ይታወቃል። ሽቶው አቋም አለው። አንዳንዱን ትወዱታላችሁ፣ አንዳንዱን አትችሉትም፣ ሁሉም ግን ከአንድ ሰው ትዝታ እንደወጡ ይሰማችኋል።

ፈረንሳይና እስያ በሽቶ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካሽሚር ሻሎች ወደ አውሮፓ ሲጫኑ ብል እንዳይበላቸው የፓቹሊ ቅጠል በመሃላቸው ይደረግ ነበር። ሻሉ ፓሪስ ሲደርስ ሽታውም አብሮት ደረሰ፤ ሰውም ሽታውን ከሻሉ እኩል ወደደው። ቤንዞይን የሚባለው ሙጫም አለ። የሚመጣው በዋናነት ከላኦስ ተራሮች ነው፤ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፤ ነጋዴዎች ግን «የሲያም ቤንዞይን» ነው የሚሉት፤ ሲያም የታይላንድ የድሮ ስም ነው። ከ1885 ጀምሮ ፈረንሳዮች ቤታቸውን የሚያጥኑበት ፓፒዬ ዳርሜኒ የተባለው ወረቀት የሚሠራው በዚህ ሙጫ ነው።

እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ቀድሞ መጥቷል። የሚቀምመው እጅ ግን የፓሪስ እጅ ነበር፤ ታሪኩን የሚያወራውም አፍ እንደዚያው። ጌርላን የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት በ1919 ሚትሱኮን አወጣ። ስሙ ከአንድ ፈረንሳዊ ልብ ወለድ ውስጥ ካለች ጃፓናዊት ገጸ ባሕርይ የተወሰደ ነው። ጠረኑ ላይ ያለው ግን ፒች ፒች የሚል በላብራቶሪ የተሠራ ሞለኪውልና ኦክሞስ የሚባል የዛፍ ሽበት ነው። በ1925 ደግሞ ሻሊማር መጣ፤ በሞጉል ነገሥታት የአትክልት ቦታ የተሰየመ፣ ውስጡ ቤርጋሞትና ቫኒላ የሆነ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። በተለይ ሚትሱኮ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላም የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ግን ጃፓንን የማውቅበት ሽቶ አይደለም። ከሩቅ ሆኖ ያለመ ሰው የሳለው ሥዕል ነው።

በመሃል የተቀራረቡ ሙከራዎች ነበሩ። ዲፕቲክ ከተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት መሥራቾች አንዱ የሆነው ኢቭ ኩዌስላን ልጅነቱን ያሳለፈው ቬትናም ነው። በ2003 የወጣው ታም ዳኦ የሚባለው የሰንደል ሽቶ ከዚያ አገር ተራራ ስሙን ወስዷል፤ እሱ ላይ ከሥዕል ይልቅ ትዝታ ይሸተኛል። የጃፓኑ ሺሴይዶም ሰርጅ ሉተንስ የተባለውን ፈረንሳዊ ይዞ በ1992 ፌሚኒቴ ዱ ቧ የሚል የአርዘ ሊባኖስ ሽቶ አወጣ። በዚያ ዘመን የሴት ሽቶን በእንጨት ላይ ማቆም ቀላል ድፍረት አልነበረም። ቢሆንም ሁለቱም ጋ ትረካው የፈረንሳዊ ነው።

ዱሲታ ላይ የተገለበጠው ይሄ ነው። ታሪኩን የምትናገረው ታይላንዳዊት ናት፤ የምትናገርበት ቅርጽ ደግሞ የፈረንሳይ። ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት ታይላንዶች በመዓዛ እንዴት እንደሚኖሩ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል።

ናም ኦብ የሚባል ባህላዊ ሽቶ አላቸው። መሠረቱ ውሃ ነው። መዓዛ ያላቸው ቅጠሎችና እንጨቶች ውሃ ውስጥ ይፈላሉ። ከዚያ ቲያን ኦብ የሚባል ከመዓዛማ ነገሮች የተሠራ ሻማ ይለኮስና እፍ ተብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ዕቃው ውስጥ ገብቶ ይከደናል። ጭሱ ውሃው ላይ ይተኛል። ጃስሚን፣ ጽጌረዳ፣ ኢላንግ ኢላንግም ይገቡበታል። በዚያው ሻማ ጣፋጭ ምግብ ሁሉ ይታጠናል፤ ስለዚህ አንድ ታይላንዳዊ ልጅ የሚበላው ጣፋጭና የአያቱ ልብስ ተቀራራቢ ሽታ ሊኖራቸው ይችላል። በኤፕሪል አጋማሽ በሚውለው ሶንግክራን በዓል፣ ሙቀቱ ሰው በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ ወጣቶች ይህን ውሃ በትልልቆች እጅ ላይ ቀስ አድርገው ያፈሳሉ። የቡድሃ ሐውልትም ይታጠብበታል። አስቡት፤ ሽቶው ያቀዘቅዛል፣ ያከብራል፣ ይመርቃል። ከሰውየው አልፎ ክፍሉን ልሙላ አይልም።

የፈረንሳዩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መነሻው አልኮል ነው፤ አልኮል ይተናል፣ ሽታውንም ይዞ ይበተናል። ፓሪስ ላይ ጥሩ ሽቶ ሲመዘን ሰውየው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ዱካ ይታያል። ደግሞ በጊዜ ውስጥ የሚገነባ ነገር ነው፦ ራስ፣ ልብ፣ መሠረት። መጀመሪያ ሎሚ ነክ ነገሮች ይወጣሉ፣ አበቦቹ ይከተላሉ፣ እንጨትና ሙጫው ማታ ድረስ ይቆያል። ይህን ግንባታ ለማሳመር ደቡብ ፈረንሳይ ያለችው ግራስ ከተማ ዘመናት ፈጅታለች። ከተማዋ ድሮ የቆዳ ፋቂዎች ነበረች፤ ሽቶው የገባው የጓንት ቆዳ ሽታን ለማሸነፍ ነው። ከዚያ ጃስሚኑ፣ የሜይ ጽጌረዳው፣ ቲዩበሮዙ ተተከለ። ሙቀት የሚያበላሸውን አበባ ቀዝቃዛ ስብ ላይ ደርድረው ሽታውን ስቡ እንዲጠጣው ያደርጉ ነበር። ዩኔስኮ በ2018 የግራስን የሽቶ ሙያ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ ይገባዋልም።

ፈረንሳዮች ሌላም ያበረከቱት ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እንደ ግጥም ዓይነቶች ያሉ ቅርጾች ፈጥረዋል። ሺፕር፣ ፉዤር እያሉ። ፉዤር የተባለው ቅርጽ የተወለደው በ1882 ነው፤ ኡቢጋን የተባለው ቤት ቀማሚ የነበረው ፖል ፓርኬ ፉዤር ሯያልን ሲሠራ። መሃሉ ላይ ያለችው ኩማሪን የምትባል ሞለኪውል ናት። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ፐርኪን በ1868 በላብራቶሪ ሠርቷታል። አዲስ የታጨደ ደረቅ ሣር፣ ትንሽ ለውዝ፣ ትንሽ ትምባሆ ትሸታለች።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ነገር ካልነገርኳችሁ አልተኛም። ጃፓኖች በጸደይ ሳኩራ ሞቺ የሚባል ጣፋጭ ይሠራሉ፤ ሮዝ የሩዝ ኬክ በጨው በተያዘ የቼሪ ቅጠል የተጠቀለለ። ያ ቅጠል ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ኩማሪን ነው! ለጃፓናዊ ጸደይ የሆነው ሽታ ለፈረንሳዊ የተላጨ፣ ሸሚዙን የለበሰ ጨዋ ሰው ሽታ ነው። ሞለኪውሏ አንድ፣ ትዝታው ሌላ። እኔ ሁለት ባህል ተዋሃደ የምለው እንዲህ ያለውን ስፌት አግኝቶ የሚሰፋ ቀማሚ ሲገኝ ነው። የቼሪ አበባ ሥዕል መለጠፍ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንደውም ሽቶ ውስጥ «የቼሪ አበባ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በምናብ የተቀናበረ ነው፤ አበባው ራሱ ሽታው እጅግ ስስ ነው።

ኢሳራ ፉዤር ነው። ጥድ፣ ሴጅ የሚባል መዓዛማ ቅጠል፣ ኩማሪን፣ ቬቲቨር የሚባል ሥሩ የሚሸት ሣር አለበት። በወረቀት ላይ ከተነበበ የአውሮፓ ወንዶች ሽቶ ነው የሚመስለው። ቆዳ ላይ ግን አየር አለው። የድሮ ፉዤሮች ደረት ነፍተው ነው የሚገቡት፤ ይሄ ጫካ ውስጥ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚተነፈስ ነው። ሙቀት ላይ አይታፈንም፤ ይከፈታል። እኔ እዚህ ላይ ነው ታይላንድን የማገኛት፤ አንድም ታይላንዳዊ አበባ ሳይጠራ። ቅርጹ የፓሪስ ነው፣ አተነፋፈሱ ግን ሽቶን ከሙቀት ማረፊያ አድርጎ ያደገ ሰው አተነፋፈስ ነው።

ላ ዱሰር ደ ሲያም ደግሞ በግልጽ ይናገራል። ቻምፓካና ፍራንጂፓኒ አሉበት፤ ታይላንድ ውስጥ በሄዱበት የሚገኙ አበቦች ናቸው። ከእነሱ ጋር የተቀመጠው የሜይ ጽጌረዳ ነው፣ የግራሱ። ሁለቱ ሳይጣሉ ሲቀመጡ ማሽተት ደስ ይላል። ቻምፓካ ለብቻው ከባድ ነው፤ ሻይም ፍራፍሬም ይላል፣ ሲበዛ ራስ ያዞራል። ጽጌረዳው ይዞት ነው የሚሄደው። ሜሎዲ ደ ላሙር ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ነጭ አበባ በነጭ አበባ ላይ፣ ጋርዲኒያ፣ ቲዩበሮዝ፣ ጃስሚን። ምን ልበላችሁ፣ ውብ ነው፣ ግን ጠባብ አሳንሰር ውስጥ አይደረግም።

ኡድ አንፊኒ ለብቻው ማውራት ይፈልጋል። ኡድ የሚገኘው አኩዊላሪያ ከሚባሉ የእስያ ዛፎች ነው። ጤነኛው እንጨት ነጣ ያለና ሽታ የሌለው ነው። ዛፉ ሲቆስልና ፈንገስ ሲገባበት ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ያ ሙጫ የጠጣው እንጨት ነው ኡድ። ጫካው ስለተጨፈጨፈ ከ2005 ጀምሮ ሁሉም የአኩዊላሪያ ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው ቁጥጥር ሥር ነው። ይሄ ጥሩ ነው፤ ኡድ እንደልብ የሚረጭ ነገር መሆን የለበትም። ፒሳራ የሠራችው ኡድ እንስሳዊ ጎኑ ያልተሸፈነ፣ ጋጣ ጋጣ የሚል ነው። ብዙ የፓሪስ ቤቶች ኡድን በስኳርና በጽጌረዳ አጥበው ነው የሚሸጡት። ይሄኛውን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ እኔ ግን ሐቀኝነቱን አከብራለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። «የእስያ ሽቶ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ልክ አይመስለኝም፤ አንዱን ኡድ እንኳ ብንወስድ አያያዙ እንደየአገሩ ነው። የጃፓን ጥንታዊ ዜና መዋዕል እንደሚለው በ595 አንድ የኡድ ግንድ አዋጂ ደሴት ዳር ተንሳፎ መጣ። ሰዎቹ ማገዶ መስሏቸው አቃጠሉት፤ ሽታው ሲደንቃቸው ለቤተ መንግሥት አቀረቡት። ናራ ውስጥ ባለው ሾሶኢን ግምጃ ቤት ራንጃታይ የሚባል 156 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የኡድ ግንድ እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ ጦረኛው ኦዳ ኖቡናጋ በ1574 ከእሱ ቆርጦ ወስዷል። ጃፓኖች ከዚህ ተነስተው ኮዶ የሚባለውን ሥነ ሥርዓት አዳብረዋል። ፍም አመድ ውስጥ ይቀበራል፣ ላዩ ላይ ሚካ የሚባል ስስ ማዕድን ይደረጋል፣ እሱ ላይ ስንጥር እንጨት ይሞቃል። አይነድም፣ አይጨስም ማለት ይቻላል። ተሳታፊው ጽዋውን በእጁ ከልሎ ያሸታል፣ ቀጥሎ ላለው ያቀብላል። ጨዋታም አለበት፤ አምስት ጊዜ የቀረበውን ሽታ የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ መለየት። ሊሆኑ የሚችሉት መልሶች 52 ናቸው፣ እያንዳንዱም የራሱ ምልክትና ስም አለው።

ሰሜን ሕንድ ካኑጅ ስትሄዱ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የመዳብ ማንጠሪያ በእሳት ላይ ይጣዳል፣ ክዳኑ በጭቃ ይለሰናል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ወርዶ የሰንደል ዘይት ያለበት ዕቃ ውስጥ ይገባል። አበባው በእንጨት ዘይት ላይ ያርፋል፤ አልኮል የለም። የተጠበሰ የሸክላ አፈር ሳይቀር አንጥረው፣ የመጀመሪያ ዝናብ ሽታን ጠርሙስ ውስጥ ያስገባሉ። ቻይና ጉዪሊን ላይ ኦስማንተስ አለ፤ ጥቃቅን አበባ፣ አፕሪኮትና ቆዳ ባንድ ላይ የምትሸት። ከዚያች አበባ የሚወጣው አብሶሉት የሚባል የተጣራ የመዓዛ ጭማቂ ዛሬ የፓሪስ ቀማሚዎች ጠረጴዛ ላይ ካሉት ውድ ነገሮች አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት ዱሲታ ላይ የምወደውን ለማሳየት ነው። ፒሳራ ሁሉንም እስያ ልወክል አትልም። የያዘችው ታይላንድን ነው፣ ከታይላንድም የራሷን ቤት፣ የአባቷን ግጥም። ሚያ ሺንማ የምትባል ጃፓናዊት ቀማሚም ፓሪስ ሆና የጃፓን ስሜት ያላቸው ስስ ሽቶዎች ትሠራለች፤ ቶኪዮ ያለችው ሳቶሪ ኦሳዋም ከሻይና ከዕጣን ሥነ ሥርዓት ተነስታ በፈረንሳይ ዘዴ ትቀምማለች። የሦስቱም ሥራ ፈጽሞ አይመሳሰልም። መመሳሰልም የለበትም።

ውድ ነው፣ አዎ። የተፈጥሮ አበባ የሚበዛበት ሽቶ ርካሽ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ኪሎ የጃስሚን አብሶሉት ለማግኘት ከ600 ኪሎ በላይ አበባ ይፈልጋል፣ አበባው ደግሞ በእጅ፣ በማለዳ ነው የሚለቀመው። ስለዚህ ሙሉ ጠርሙስ በጭፍን እንዳትገዙ። ናሙና ውሰዱ። መጀመሪያ ኢሳራን ሞክሩ፤ ሞቅ ባለ ቀን፣ ጥቂት ብቻ፣ ክንዳችሁ ላይ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አትመኗቸው፤ አልኮሉ ይለፍና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱበት። ላ ዱሰር ደ ሲያምን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ብትደርቡ አበቦቹ ጥዱን ይውጡታል። ኡድ አንፊኒን ደግሞ መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ሞክሩትና እስከ ማግስቱ ተዉት። ግጥሞቹን በኋላ አንብቡ፤ ቀድማችሁ ካነበባችሁ አፍንጫችሁ የተነገረውን ብቻ ይፈልጋል።